ከሰርገኛ ፊት የሄደው ቤት

ወልድያ ውስጥ ተገጣጣሚ ቤት አሠርቶ ወደ ሌላ ቦታ መውሰድ የፈለገ ሰው አብዱልሐሊምን ሳያገኝ አይቀርም። ድሮ በያጅ ነበር። አንድ ዕድሜው ያለቀ የጭነት መኪና ፈታታና ከአክስሉና ከሻንሲው ረጅም፣ ከመሬት ብዙም ከፍ የማይል ተሳቢ ሠራ። ተሳቢውን ከትራክተር ኋላ አሰረው። ከዚያ ወዲህ የቆርቆሮ ሱቅም፣ ኮንቴነርም፣ የጥበቃ ማረፊያም ጭኗል። ቤቱን በአራቱም ማዕዘን በክሪክ ያነሳዋል፣ ተሳቢውን ከሥሩ ያስገባል፣ ከዚያ ቀስ አድርጎ ያስቀምጠዋል።

ቀስ ማለት ሥራው ብቻ አይደለም፤ ተፈጥሮውም ነው። ስለ ትናንቱ ዝናብ ብትጠይቀው ከክረምቱ መግቢያ ይጀምርልሃል። ሚስቱ አሲያ «እሱ እሺ እስኪል ወጡ ይበርዳል» ትላለች። መንገድ ላይም ከኋላው ያሉት መኪኖች እንዲያልፉ በእጁ ምልክት የሚሰጠው መንገዱ ባዶ መሆኑን ልቡ ሲያምን ነው። ልቡ ደግሞ ቶሎ የሚያምን ልብ አይደለም።

ባለፈው ጥር፣ አንድ እሑድ፣ የመሪማን ቤት ጭኖ ወደ መርሳ ጉዞ ጀመረ። መሪማ መርሳ መናኸሪያው አጠገብ ጨርቅ የምትሸጥ ነጋዴ ናት፤ ቤቱን ለሱቅ ነው ያሠራችው። ሰማያዊ ቀለም የተቀባ፣ መስኮቶቹ ነጫጭ፣ ዓይን የሚስብ ቤት ነበር። በሩ ወደ ኋላ ዞሮ ተጫነ።

ሲሪንቃን አለፍ እንዳለ ከኋላው የክላክስ ጩኸት ሰማ። ሰርገኛ ነው። ቢኒያም የሚባል የወልድያ ወጣት መርሳ ላይ ሔዋንን ሊያገባ ሚዜዎቹን አሰልፎ፣ መኪናውን በአበባ አስጊጦ እየሄደ ነበር። አብዱልሐሊም በመስታወት አያቸው። ከፊት አውቶቡስ መጣ፤ አላሳለፋቸውም። አውቶቡሱ ሲያልፍ ኩርባ መጣ። ከኩርባው በኋላ ፍየሎች ነበሩ። ሚዜዎቹ መጀመሪያ ተሳደቡ፣ ቀጥሎ ለመኑ፣ በመጨረሻ ተስፋ ቆርጠው በመስኮት ወጥተው መጨፈር ጀመሩ። እንዲህ ሆነው፣ ቤቱ ከፊት ሰርገኛው ከኋላ፣ መርሳ ገቡ።

እዚህ ላይ ስለ ሙሽራዋ አባት ስለ አቶ ካሳዬ መናገር ያስፈልጋል። ሽማግሌ ከተላከበት ቀን ጀምሮ ጥያቄያቸው አንድ ነበር፦ «ልጄን የት ነው የሚያኖራት?» ቢኒያም ወልድያ ውስጥ በአንዲት ክፍል ተከራይቶ ነው የሚኖረው። ግራ ቢገባው «አባባ፣ አይስጉ፣ ቤቱ ይመጣል» ብሏቸው ነበር።

የአቶ ካሳዬ ደጅ ከዋናው መንገድ ዳር ነው። ዘመድ አዝማዱ ወጥቶ ሲጠብቅ፣ ሰማያዊ ቤት ከፊት፣ ጭፈራ ከኋላ ሲመጣ አየ።

«ቤቱን ይዞ መጣ!» ብሎ አንዱ ጮኸ።

እልልታው ሰፈሩን አናወጠው። በር ይዘው ሰርገኛውን ሊከለክሉ የተሰለፉት የሔዋን ጓደኞች፣ ሙሽራው የራሱን በር ይዞ ሲመጣ ምን እንደሚከለክሉ ጠፋቸው። ሰዉ መንገዱን ስለሞላው አብዱልሐሊም ትራክተሩን አቆመ። አቶ ካሳዬ እንባቸው እየወረደ መጥተው አቀፉት።

«ወንድሜ፣ እንዴት አድርገህ አመጣኸው!»

«ጋሼ፣ ነገሩ እንዲህ ነው» አለ አብዱልሐሊም፤ «ማክሰኞ ዕለት መሪማ የምትባል ሴት...»

እልልታው ዋጠው። ጋብ ሲል እንደገና ከማክሰኞ ጀመረ። እንደገና ዋጠው። ቢኒያም ከመኪናው ሲወርድ አማቱ ጉንጩን እያገላበጡ ሳሙት። እንዲህ ስመውት አያውቁም። እውነቱን ለመናገር አፉን ከፈተ፤ ፊታቸውን ሲያይ መልሶ ዘጋው። ወደ ትራክተሩ ተጠግቶ ሹክ አለ፦

«ጋሼ አብዱልሐሊም፣ በፈጣሪ ይዤሃለሁ፣ ምሳ እስኪበላ ብቻ ዝም በል።»

«ዝም ማለቱስ አያቅተኝም። ቤቱ ግን የሰው ነው።»

በዚህ መሃል የአብዱልሐሊም ስልክ ጠራ። መሪማ ናት።

«አሰላሙ አለይኩም። የት ደረስክ?»

«ወአለይኩም ሰላም። መርሳ ገብቻለሁ።»

«ቤቴስ?»

«እሱም ገብቷል» አለና ትንሽ አሰበ። «ግን ተድሯል።»

«ሱብሃነላህ! እኔ ሳልጠየቅ ማን ዳረው?»

ባጃጅ ይዛ ከተፍ አለች። ስትደርስ አሮጊቶች ጫማቸውን አውልቀው ቤቷ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ አንዷማ መስኮቱን ከፍተው ለመንገደኛው ሰላምታ ይሰጣሉ። መሪማ ወገቧን ይዛ ቆመች።

«እማማ፣ የማን ቤት መሰለዎት?»

«የልጃችን የሔዋን ነዋ! ግቢ የኔ ልጅ፣ አንቺም እይው።»

ጫጫታውን ሰምታ ሔዋን ራሷ ቬሎዋን ሰብስባ ወጣች። ቢኒያምን አየችው፤ ላቡ በከረባቱ ላይ ይንጠባጠባል። መሪማን አየቻት። ነገሩ ገባትና ሳቋ አመለጣት።

«አባዬ፣ ቤቱ የእሷ ነው። የኔ ይሄ ላብ የሚያጠምቀው ነው።»

አቶ ካሳዬ ወደ አማቻቸው ዞሩ።

«ታዲያ ‹ይመጣል› ያልከኝ የትኛው ነው?»

«ሌላኛው ነው አባባ። እሱ... ገና አልተሠራም።»

መጀመሪያ የሳቀችው መሪማ ናት። ከዚያ ሰዉ ሁሉ ተከተላት። አቶ ካሳዬ ለጥቂት ጊዜ ፊታቸውን አጠቆሩ፤ በኋላ ግን ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ታየ።

አሮጊቶቹን ከቤቱ ማስወረድ ብዙ ልመና ጠየቀ። ከምሳ በፊት ቤቱ ቦታው መድረስ አለበት ብላ መሪማ ስለጸናች ሚዜዎቹ ተከትለው ሄዱ፤ አብዱልሐሊም አንድ ክሪክ ለአንድ ሚዜ አድሎ «ቀስ፣ ቀስ» እያለ ቤቱን አስወረዳቸው። ነጫጭ ሸሚዞቻቸው ግራሶ ጠጡ፤ የሰርጉ ፎቶ ላይ እስከ ዛሬ ይታያል። ከዚያ መሪማና አብዱልሐሊም ለሙስሊም ጎረቤቶች ለብቻ በተደገሰበት ዳስ ገብተው በሉ። አቶ ካሳዬ ራሳቸው እየዞሩ «ብሉ እንጂ፣ ባለቤቶቹ እናንተ ናችሁ» ሲሉ አስተናገዷቸው።

ሔዋንና ቢኒያም ዛሬም ያችው የኪራይ ክፍል ውስጥ ናቸው። ደኅና ናቸው። መሪማ ሱቋን «ሙሽሪት» ብላ ሰይማዋለች፤ ለሠርግ ልብስ የሚመጣ ገዢ በዝቶላታል።

አብዱልሐሊም ደግሞ ያንን ቀን አንሳለት እንጂ ማቆሚያ የለውም፤ ከማክሰኞ ጀምሮ ይተርከዋል። የሚያስቅህን አስቆህ ሲጨርስ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሰው መኪና ሲገዛ እልል ይባልለታል» ይላል። «እኔ ያን ተሳቢ በእጄ ስበይድ ማንም እልል አላለልኝም ነበር። የዚያን ቀን እልልታ በስህተትም ቢሆን፣ ወላሂ፣ ደስ ይላል።»