የማይመልሰው መጋዘን

ጎንደር ገበያው ዳር ስፖንጅ ፍራሽ እሸጣለሁ። መጋዘኔ እስከ ጣራው ፍራሽ ነው፤ እዚያ ገብቶ ያጨበጨበ ሰው የገዛ እጁን ይጠራጠራል። ድምፅ ይገባል፣ አይወጣም። እኔ ከእርግማን ነበር የምቆጥረው። ሁለት ራፐሮች ግን ሀብት ነው አሉኝ። አንዱ ማራኪ ሰፈር ቤት ተከራይቶ ዩኒቨርሲቲ የሚማር፣ ሌላው የአዘዞ ሚኒባስ ረዳት ነው።

«ጋሼ፣ ስቱዲዮ ታቅፈው ፍራሽ ይሸጣሉ እንዴ!» አለኝ ረዳቱ።

«ፍራሽ ያበላኛል፤ ያንተ ስቱዲዮ ምን ያበላኛል?» አልኩና ማይካቸውን እንዲያስገቡ ፈቀድኩ።

ግጥሙን ተካፍለው ጻፉት፤ ወጥተው ስለቀሩ ልጆች ነው። አዝማቹ ግን እምቢ አላቸው። ሲጨቃጨቁ አንዲት የጭልጋ እናት ደጃፌ ላይ ሆና ሰማቻቸው። ልጇ ሰሊጥ አጨዳ ብሎ ወደ መተማ ወርዶ ወሬው ጠፍቷል። ገበያ በመጣች ቁጥር እኔ ዘንድ ትቀመጥና ከቆላ የሚመለሱትን ሾፌሮች ትጠይቃለች።

«እኔ ልጥራው» አለች። «ዘፈን አገር ለአገር ይዞራል ትሉ የለ? ይስማኝ።»

በአገሯ ማታ ማታ ገደል አፍ ላይ ቆማ ትጣራለች። ገደል ማሚቶው ከመለሰላት ልጁ በሕይወት አለ። ይህን የነገራት የለም፣ ራሷ ናት የወሰነችው።

መጋዘኑ ገባች። «ልጄ ሆይ! ና ግባ!»

እኔ በሩ ጋ ነበርኩ፤ ተማሪው ማይኩን ከፍቶ ይቀዳል። ከዚያ ጠበቀች። ምንም። ስትወጣ ፊቷ አመድ መስሏል።

«ምነው አያ፣ ቤትህ አይመልስም?»

«ፍራሽ ነው እቴ፣ ድምፅ ይበላል።»

አላመነችኝም። ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች።

ተማሪው ጥሪዋን አዝማች አደረገው፤ የጠበቀችበትንም ዝምታ እንዳለ ተወው። ዘፈኑ ወጣ፤ ከተማው ያዘው። ሚኒባስ ውስጥ፣ ጁስ ቤት፣ ማክሰኝት ከብት ተራ ሳይቀር፣ ጥሪው ሲመጣ ሰው ሁሉ ዝምታው ላይ «አቤት!» ይላል። መጀመሪያ ቀልድ ነበር። ኋላ ሰው ሳያውቀው ወሬውን አቋርጦ፣ «አቤት» ብሎ፣ ወሬውን የሚቀጥል ሆነ። እኔ ራሴ ዋጋ እየተናገርኩ ብያለሁ።

«የማታውቀው ሲጠራህ አቤት አትበል ብለው አላሳደጉህም?» አሉኝ አንድ ሽማግሌ ደንበኛዬ።

አሳድገውኛል።

እናትየዋ ተመልሳ መጣች። ዘፈኑን አዘዞ ላይ ሰምታዋለች።

«አገሩ ሁሉ ይመልስልኛል» አለች። «እሱ ቢመልስ በምን ልለየው?»

በርጩማ ሳብኩላት። እንደገና መጋዘኑ ልግባ አለች። ገባች፤ ተጣራች፤ ጠበቀች። ፍራሹ ዋጠው። በዚህ ጊዜ ግን ፈገግ ብላ ወጣች።

«ተነሥቷል» አለች። «መንገድ ላይ ያለ ሰው አይመልስም፤ ይመጣል እንጂ።»

ከዚያ የአንድ ሰው ፍራሽ መረጠች። ዋጋ ነገርኳት፤ ከፈለች። ባላገር ሳይከራከር ሲገዛ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ፈራሁ።

ፍራሹን የረዳቱ ሚኒባስ ጣራ ላይ ጫንነው። ውስጥ ዘፈናቸው ተከፍቷል። ጥሪው መጣ። ረዳቱ እንደ ልማዱ አፉን ሲከፍት፣ ተሳፍራ የተቀመጠችው እናት በመስኮቱ አይታው ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ተሳፋሪው ሁሉ ዝም አለ።

ያ ዝምታ ዘፈኑ ውስጥ አጭር ነው፤ አንድ ትንፋሽ አይሞላም። ያን ቀን ግን ገመዱን ቋጠርኩ፣ ጫፉን አጠበቅሁ፣ እጄን አራገፍኩ፤ ዝምታው ገና አላለቀም ነበር።