እፎይ የሚሉት ወንድም

መስታወት ቆራጩ ለሥራ የተፈጠረ ሰው ነው፤ ጣጣው ሌላውም ሁሉ እንደ እሱ የተፈጠረ ይመስለዋል። ትልቅ መስታወት ለብቻ አይነሣምና ከታናሽ ወንድሙ ጋር ፊትና ኋላ ሆነው ይሸከማሉ፤ አንዱ ከቆመ ሌላውም መቆሙ ነው። ታናሽየው ደግሞ ደረጃ በወጡ ቁጥር መሃል ላይ መስታወቱን ግድግዳ ያስደግፍና ደረቱን ይዞ ትንፋሹን ይሰበስባል። ታላቁ «እፎይ» ብሎ ስም አወጣለት። ስሙ ሠፈሩን አዳረሰ፤ ደንበኞች ሳይቀሩ እፎይ መጣ እያሉ ይስቁ ነበር። ደረቴን ጨመቀኝ ባለ ጊዜም የታላቁ መልስ አንድ ነው፤ ስንፍና። እንዲያውም እልህ ይዞት ሆን ብሎ እርምጃውን ያፈጥንበት ነበር።

አንድ ቀን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ታናሽየው መስታወቱን ቀስ አድርጎ አስቀመጠና ተዝለፍልፎ ወደቀ። መስታወቱን ጭረት እንኳ አልነካውም። ታላቁን ያንገበገበው ይሄ ነው፤ ልጁ ነፍሱ ልትወጣ ስትል እንኳ የፈራው የእሱን ቁጣ ነበር።

ሆስፒታል ሲደርሱ ነቅቶ መቀለድ ጀምሯል። የልቡ ምርመራም ደህና ነው ተባለ። ሐኪሟ ከዚህ በፊት ሥራ ላይ ደረቱን አሞት ያውቅ እንደሆነ ጠየቀችው። ታላቁን ሰረቅ አድርጎ አየና፣ በፍጹም፣ ዛሬ ቁርስ ስላልበላሁ ነው አላት። እሷም እንግዲያው መሄድ ትችላላችሁ ብላ ተነሣች።

ታላቁ ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም፤ ቢናገር በገዛ አፉ ራሱን መክሰሱ ነው። አፈረ፣ ፈራም።

«ውሸቱን ነው ዶክተር» አለ በመጨረሻ። «ደረጃ ሲወጣ ሁሌም ያመዋል። ሰነፍ ነህ እያልኩ የማጣድፈው እኔ ነኝ።»

ሐኪሟ ተመልሳ ተቀመጠች፤ ሌላ ምርመራም አዘዘች። ለልቡ ደም የሚያደርሰው ቧንቧ ሲፈጠር ጀምሮ ቦታውን ስቶ በሁለት ትልልቅ የደም ሥሮች መሃል ያልፋል። ሸክም ሲበዛበት ይጨመቃል፤ ልቡም ደም ያጣል። ቀዶ ጥገና ያስፈልገዋል፤ እስከዚያ ምንም ነገር እንዳያነሣ ተባለ።

ሁለቱ ብቻቸውን ሲቀሩ ታላቁ ይቅርታውን ከየት እንደሚጀምር ጨነቀው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ አንሶላውን ያስተካክላል። ታናሽየው ቀደመው።

«ለምን ተናገርክ ጋሼ?» አለው። «አሁን መስታወቱን ከማን ጋር ልትሸከም ነው?»