የታችኛው መሳቢያ

ድሮ ቡሬ ውስጥ ጎጆ የሚወጣ ሁሉ አናጢው ሙሄዲን ዘንድ ሳይደርስ አያልፍም ነበር። አባቱ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፤ እርሱ ግን ከልጅነቱ የዋንዛ ፍቅፋቂ ሽታ ይማርከው ነበርና ሱቁን ለወንድሙ ትቶ መላጊያ ጨበጠ። እርሱ የሠራው መሳቢያ በአንድ ጣት ሲስቡት ይመጣል፣ በአንድ ጣት ሲገፉት ይመለሳል። ዛሬ ዛሬ ሰዉ ከከተማ በመኪና ተጭኖ የሚመጣውን ከእንጨት ዱቄት የተጋገረ ጣውላ ሲሻማ፣ ወደ ሙሄዲን የሚመጣው የመሳቢያውን ወሬ የሰማ ብቻ ሆኗል። ስሙ እንጀራው ነበር ማለት ይቻላል።

ነሐሴ እንደ ገባ ሚስቱ ሀጂራ ከበርበሬ ተራ ፊቷን አጥቁራ መጣች።

«ሰማህ ወይ? የሽንዲዋ እትዬ ዓባይነሽ ገበያ መካከል ቆመው ምን አሉ መሰለህ? ‹ሙሄዲን የምራቴን አባት እርጥብ እንጨት አሸከመው› አሉ።»

«እርጥብ? ያ ዋንዛ እኮ ስንት ክረምት ከጣሪያ ሥር የከረመ ነው!»

«ለኔ ምን ትነግረኛለህ? ለገበያው ንገር።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ጥር ያምሮት የምትባል ልጅ ለእትዬ ዓባይነሽ ልጅ ስትዳር፣ አባቷ ባለ ሦስት መሳቢያ ሣጥን ከሙሄዲን አሠርቶ ሰጣት። ክረምቱ ሲበረታ የታችኛው መሳቢያ ነክሶ ቀረ። የክት ቀሚሷም እዚያው ውስጥ ስለ ተቆለፈ ያምሮት ፍልሰታን በአዘቦት ልብሷ ቤተ ክርስቲያን ትስም ጀመር።

ሙሄዲን በማግስቱ መሣሪያውን በከረጢት ቋጥሮ ሽንዲ ድረስ በሚኒባስ፣ የቀረውን ጭቃውን እያቦካ በእግሩ ሄደ። እትዬ ዓባይነሽ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ነበር።

«መጣህ? እኔማ ሣጥኑ ቅጠል እስኪያወጣ እየጠበቅሁ ነበር።»

«ቅጠል ካወጣማ ጥላ ይሆንዎታል እትዬ።»

ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉት። «ግባ ግባ። ያምሮት! እሱ ጾም የለበት፤ ወተት አምጪለት።»

ሙሄዲን የላይኛውን መሳቢያ ሳበ፤ መጣ። መካከለኛውም መጣ። ሦስቱም ከአንድ ግንድ የወጡ ናቸው፤ እንጨቱ እርጥብ ቢሆን ኖሮ ሁሉም ይነክሱ ነበር። መካከለኛውን አውጥቶ በክፍተቱ እጁን ሰደደና የታችኛውን ከውስጥ ቀኝና ግራ እያለ ገፋው። እያቃሰተ ወጣ። ቀሚሱ ጠርዙ ላይ ሻግቷል።

ጎንበስ ብሎ ወለሉን ዳሰሰ። እርጥብ ነው። ቅዳሜ ስለ ነበር ቤቱ በእበት ተለቅልቋል፤ ልቅላቂው ከሣጥኑ ሥር ድረስ ገብቶ እግሮቹን ሳይቀር አረንጓዴ ቀብቷቸዋል። በበጋ እንዲህ ያለው ወለል ቶሎ ይደርቃል። በክረምት ግን አይደርቅም፤ ጣውላው ከሥር እየጠጣ ያብጣል።

ስሙን የሚመልስለት ቃል አፉ ላይ ደረሰ። ቀና ሲል ያምሮት የወተቱን ዋንጫ ይዛ ቆማለች፤ ጥፍሮቿ ሥር እበቱ ገና አልለቀቀም።

«ይህችን ልጅ ስትለቀልቅ ብታያት!» አሉ እትዬ ዓባይነሽ። «ቤት ማሳመር ታውቅበታለች። ሌላ ሌላው እንኳ ይቅር።»

ሙሄዲን ወተቱን ተቀብሎ ጠጣ። ልጅቷ በዚህ ቤት ያላት ምስጋና ያችው ብቻ መሆኗ ገባው።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ በመጨረሻ። «እንጨቱስ ደረቅ ነው። እግሩን ግን አሳጥሬ ሠራሁት፤ መሬቱን ተጠጋ።»

«አላልሁም? አንድ ነገርማ አለበት ብያለሁ! በል እንግዲህ ላገው።»

«አሁን ከላግሁት በጥቅምት ሲደርቅ እንደ አሮጊት ጥርስ ይወዛወዝብዎታል።»

«የማንን ጥርስ ነው የምታየው አንተ!»

ከደጅ የጽድ ጉማጅ ፈልጎ አራት መቆሚያ ጠረበና ሣጥኑን ከመሬት አነሣው። መሳቢያውን ከምድጃው ራቅ አድርጎ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ አቆመው።

ያምሮት እስከ አጥሩ ሸኘችው።

«ሲደርቅ ጠርዝ ጠርዙን በሰም እሺው» አላት። «ስትለቀልቂ ደግሞ ከሣጥኑ አንድ ክንድ ራቂ ልጄ። ለሣጥኑ ሥር መጥረጊያ ይበቃዋል።»

ልጅቷ ቀጥ ብላ ቆመች። «ጋሼ ሙሄዲን… እግሩ አይደለማ! እኔ ነኝ ያበላሸሁት።»

«እግሩ አጭር ነው አልሁ እኮ።»

«እርስዎን ገበያ ላይ ያሙዎታል።»

«ይሙኝ። ግቢ፣ ዝናቡ መጣ።»

መስከረም ሲጠባ ሀጂራ እየሳቀች ከገበያ ገባች። «እትዬ ዓባይነሽ ‹መሳቢያው ቅቤ ሆነ፤ ጥፋቱንም በራሱ አፍ አመነ› እያሉ ነው። እርጥብ እንጨት ቀረልህ፤ አሁን ስምህ አጭር እግር ነው።»

ብዙም ሳይቆይ እጅጉ የሚባል የሽንዲ ገበሬ ለልጁ ሣጥን ሊያዝዝ መጣ።

«እግሩን ግን አደራ» አለ። «እንደዚያኛው እንዳታሳጥርብኝ።»

«የት ድረስ ላድርገው?»

«እስከ ጉልበቴ።»

ሙሄዲን የእጅጉን ጉልበት አየ፤ ሰውዬው ቁመተ ረጅም ነበር። እርሳሱን ከጆሮው ላይ አወረደና ጣውላው ላይ በዚያው ልክ ምልክት አደረገ።