ሁለት አሴምብለር፣ አንድ ሚዛን

ሱዳን ውስጥ፣ ገዳሪፍ ከተማ፣ የሰሊጥ ገበያው ጀርባ፣ ሚዛን የሚጠገንበት አንድ ዋርሻ፣ የጥገና ቤት፣ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት እዚያ ሠራሁ። ያቋቋመው ሱዳናዊ መሐንዲስ ነው፤ ሁላችንም ባሽሙሃንዲስ እንለው ነበር። እኔ በእናቴ ጀርባ ታዝዬ ከመተማ የተሻገርሁ፣ በስደተኛ ካርድ ያደግሁ ሰው ነኝ። መጀመሪያ የተቀጠርሁት አቧራ ላራግፍ ነበር።

የኤሌክትሪክ ሚዛኖቹ መለዋወጫ ስለማይገኝ ባሽሙሃንዲሱ ጣት በምታህል ቺፕ አዲስ አንጎል ሠራላቸው። ፕሮግራሙን የጻፈው በአሴምብሊ ነው፤ ቺፗ ከምታውቀው ቁጥር አንድ እርምጃ ብቻ በራቀ ቋንቋ። ጽሑፉን ወደ ቁጥር የሚለውጠው ፕሮግራም አሴምብለር ይባላል። ይህን ሁሉ በትዕግሥት አስተማረኝና፣ አንድ ቀን ኮምፒውተሩን ጠቅልሎ ባሕረ ሰላጤው አገር ሥራ ሄደ። አሴምብለሩም አብሮት ሄደ። የቀረኝ ጽሑፉ ያለበት አንድ ዲስክ፣ አሴምብለሩ ያወጣቸው ቁጥሮች በሙሉ የታተሙበት ወፍራም ወረቀትና አንድ ካርቶን ባዶ ቺፕ ነው።

በዚያ ዓመት ሙቀቱ ቺፖቹን ጨረሳቸው። ዋርሻውን የተረከቡት የመሐንዲሱ ታላቅ ወንድም፣ ሐጁ፣ ሰሊጥ ሊገባ ሁለት ወር ሲቀረው ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ሚዛኖቹ ለመኸር ይደርሳሉ?»

«የአሴምብለሩ ሌላ ቅጂ ያለው ካርቱም ያሉት የወንድምዎ ጓደኛ ዘንድ ነው። አንድ ሳምንት ብሄድ አደርሳቸዋለሁ።»

ስደተኛ ግን ያለ ተስሪሕ፣ ያለ ይለፍ ወረቀት፣ ከገዳሪፍ አይወጣም። ሦስት ሳምንት የስደተኞች ጽሕፈት ቤት ተመላለስሁ። ጸሐፊው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሻይ እንኳ ጋብዞኛል። መልሱ ግን ሁልጊዜ «ቡክራ» ነበር፤ ነገ። በመጨረሻ ወረቀቱን ሳልይዝ አውቶቡስ ተሳፈርሁ። ኬላው ላይ ወታደሩ ካርዴን አየና ቦርሳዬን ራሱ አወረደልኝ። ሁለት ቀን ከሌሎች አሥራ አንድ ሰዎች ጋር አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ተቀመጥሁ። ስመለስ ባለቤቴ ሸሚዜን ተቀብላ ውኃ ውስጥ ነከረችው።  ከዚያ በኋላ ከተማው ጠበበኝ። አውቶቡስ ጡሩንባ ሲነፋ መንገድ እቀይር ነበር።

የካርቱሙ ሰው በሎሪ ሹፌር እጅ ዲስክ ላከልኝ። የድሮው ጠፍቶበት ሌላ አሴምብለር ነበር የላከው። በተዋስሁት አሮጌ ኮምፒውተር ጽሑፉን ስሰጠው በየመስመሩ «ስሕተት» አለኝ። ቺፗ ያችው፣ ትእዛዙ ያው፤ አጻጻፉ ግን አልጣመውም። የእኛ ቁጥር መጨረሻው ላይ ፊደል ይዞ ነበር፣ ይኸኛው ከፊቱ ምልክት ይፈልጋል። የእኛ ባዶ ቦታ ለማስያዝ አንድ ቃል አለው፣ ይኸኛው ሌላ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ አረምሁት። በአሥረኛው ቀን መብራት ሄዶ ሲመለስ ኮምፒውተሩ ጭስ አወጣ፤ የላከልኝም ዲስክ ውስጡ ቀረ።

ያረምሁት ያለበትን የራሴን ዲስክ ይዤ እዚያው ከተማችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚያስተምር አንድ የካሰላ ሰው ዘንድ ሄድሁ። እሱ ኮምፒውተር ላይ ያለው አሴምብለር ደግሞ ሦስተኛ ዓይነት ነው። ያረምሁትን ሁሉ አልቀበልም አለ። ወንበሩ ላይ ቁጭ ብዬ ሳቅሁ፤ መምህሩ ደነገጠ።

«ምን ሆንህ?»

«የትም ብሄድ ኬላ ነው» አልሁት።

መምህሩ ወረቀትና እርሳስ አቀረበልኝ። «እነዚህ አሴምብለሮች ሁሉም የሚስማሙበት ነገር የለም?» አለ።

ጥያቄው ቀላል ነበር፤ እኔ ግን እስከዚያ ቀን አላሰብሁትም። ከዚያ ወዲህ ለአንዱ ብቻ የሚመች ነገር መጻፍ ተውሁ። ዋናውን ፕሮግራም ሁሉም በሚቀበሉት ተራ ትእዛዝ ብቻ ጻፍሁት። የሚለያዩበትን ነገር ሁሉ አውጥቼ አንዲት ትንሽ ፋይል ውስጥ አኖርሁ፤ አሴምብለር ሲቀየር የምትቀየረው እሷ ብቻ ናት። የመምህሩ ኮምፒውተር ያለ አንድ ስሕተት ተቀበለው። ቺፗን ሞልቼ ሚዛኑ ላይ ሰካኋት።

ሐጁ ሐማሎቹን፣ ጭነት ተሸካሚዎቹን፣ ጠርተው ሚዛኑ ላይ ጆንያ አስጫኑ። አርባ ኪሎው አርባ አለ። ስድሳ ኪሎው ሲጫን ግን ሚዛኑ አሥር አለ። ሐማሎቹ ተሳሳቁ፤ አንዱ «ይኸ ሚዛን ጾም ይዟል» አለ። ሐጁ አልሳቁም። ሰሊጡ ሊገባ የቀረው አሥር ቀን ነበር።

ዓርብ ዋርሻው ዝግ ነው። ያንን የታተመ ወረቀት ቤት ወሰድሁ። ቁጥሮቹ መሃል የላቲን ፊደል አለ፤ ባለቤቴ ደግሞ ካምፕ ውስጥ ተምራዋለች። እሷ ከወረቀቱ እያነበበች፣ እኔ መምህሩ ካተመልኝ ከአዲሱ እያየሁ፣ ቁጥር በቁጥር ሄድን። ከሰዓት በኋላ ድምፅዋ ሻክሮ ነበር።

«አሥራ ሦስት» አለች።

«አሥራ ሁለት።»

«ወረቀቱ አሥራ ሦስት ነው የሚለው። ዓይኔ አላታለለኝም።»

ሮጬ ጽሑፉን አየሁ። ከሃምሳ ኪሎ በላይ ያለውን ክብደት ሚዛኑ የሚያሰላው ከሠንጠረዡ ሁለተኛ ገጽ ነው። ያቺ መስመር «ገጽ የሠንጠረዡ አድራሻ ሲደመር አንድ» የምትል ነበረች። የባሽሙሃንዲሱ አሴምብለር ገጹን ወስዶ አንድ ይጨምራል። የመምህሩ ግን መጀመሪያ አድራሻው ላይ አንድ ይጨምርና ገጹን በኋላ ይወስዳል፤ ስለዚህ ያው የመጀመሪያው ገጽ ላይ ይቀራል፤ ከስድሳውም ከሃምሳ የተረፈውን አሥር ብቻ ያነባል። ሁለቱም ትክክል አንብቤያለሁ ባይ ናቸው፣ ሁለቱም ስሕተት አይሉም። አንድ ጥንድ ቅንፍ ጨመርሁ፤ ከዚያ በኋላ በሁለት መንገድ የሚነበብ አልሆነም። በማግስቱ ስድሳው ስድሳ አለ።

ሰሊጡ ገባ፤ ሚዛኖቹ ሠሩ። ከመኸሩ በኋላ ባሽሙሃንዲሱ ገበያው ስልክ ቤት ደወለልኝ። ለሥራው ፈልጎት አዲሱን ፕሮግራም ከኢንተርኔት ቤት ልኬለት ነበር።

«እኔ ጋ ያለው አዲስ አሴምብለር ነው። ትንሿን ፋይል ብቻ ቀየርሁ፣ በአንዴ ተቀበለው» አለ። ከዚያ «አንተስ? ለምን አትመጣም? እዚህ ሥራ አለ» አለኝ።

«ፓስፖርት የለኝም፣ ባሽሙሃንዲስ።»

«አዎ፣ ለካ አንተ...» ብሎ ተወው። ያንን ረስቶት እንደነበር ገባኝ። «እሺ» አለ ቀጥሎ፣ «ሌላ ጽሑፍ እልክልሃለሁ፤ እሱንም እንዲሁ አድርግልኝ።»

ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ፕሮግራሙ ባሕር ተሻግሯል፤ እኔ ግን ኬላውን አላለፍሁም። ስልክ ቤቱ በር ላይ ጥቂት ቆሜ የሚያልፈውን ሰው አየሁና፣ ሚዛን የሚያሠሩ ሰዎች ይጠብቁኝ ስለነበር ወደ ዋርሻው ተመለስሁ።