ለትልቅ ልጅ የመረጥነው የመጫወቻ ኩሽና

የመጫወቻ ኩሽና ልገዛላት የተነሣሁት ልጄ አሥር ዓመት ከሞላት በኋላ ነው። በዚያ ዕድሜዋ ለምን እንዳስፈለጋት ለሰው ማስረዳት ይከብደኝ ነበር። ባለቤቴ እንኳ በቅጡ አልገባውም።

ያኔ የምንኖረው ደቡብ አፍሪካ፣ ጆሃንስበርግ አጠገብ ያለች ቴምቢሳ ነበር። ደንበኞቻችን ሁሉ በቋንቋቸው ጎጎ፣ አያቴ እንደማለት፣ የሚሏቸው የአንዲት አሮጊት ግቢ ውስጥ፣ ወደ መንገዱ በኩል ስፓዛችንን፣ ትንሿን የሰፈር ሱቃችንን፣ ከፍተናል። ከሱቁ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል አራት ሆነን እናድራለን፤ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ልጄና ገና ድክ ድክ ማለት የጀመረው ታናሽ ወንድሟ። ኮሮና ገብቶ ሰው ከቤት እንዳይወጣ የታገደበት የሎክዳውኑ የመጀመሪያ ወራት ነበሩ። ትምህርት ቤት ተዘግቷል። ምግብ የምንሸጥ ስለሆንን መሥራት ተፈቅዶልናል፤ ግን የመዝጊያው ሰዓት ስለተወሰነ ከሰዓት በኋላ ሁልጊዜ ሰልፍ ነው።

አንድ ቀን ባለቤቴ ዕቃ ሊያመጣ እንደወጣ መብራት ጠፋ። የሕፃኑ ገንፎ አልበሰለም ነበር። የነጭ ጋዝ ምድጃውን ለኩሼ ድስቱን ጣድኩና ልጄን፣ «እያማሰልሽ ጠብቂልኝ፤ መጣሁ» ብያት ወደ ሱቅ ወጣሁ። መጣሁ ያልኩት ለአምስት ደቂቃ ነበር። ሃያም ሳይሆን አይቀርም። ለአንዲት ሴት በሱቁ የብረት ፍርግርግ ዳቦ እያቀበልኩ ሳለ ጩኸቷን ሰማሁ።

ስገባ መጋረጃው ተያይዟል። ልጄ ወንድሟን በአንድ ክንዷ ታቅፋ በሩ ላይ ቆማለች። የግራ እጅጌዋ ይጨሳል። ጎጎ ከየት እንደደረሱ አላውቅም፤ እርጥብ ብርድ ልብስ ይዘው አልፈውኝ ገቡና ምድጃውን አፈኑት። ከዚያ መጋረጃውን አውርደው በእግራቸው ረገጡት። እሳቱ ጠፋ። ሕፃኑን ምንም አልነካውም። የተጎዳው የልጄ ክንድ ነው፤ ከእጅ አንጓዋ እስከ ክርኗ።

እኔ ግን በዚያች ሰዓት ክንዷን አላየሁም። «ምን አደረግሽ? ምን ነክተሽ ነው?» እያልኩ ጮህኩባት። ደግሜ ደጋግሜ። ሰልፍ ላይ የቆመው ሰው ቋንቋውን ባይሰማም ልጄን እየተቆጣሁ መሆኔን ማንም ያውቀው ነበር።

ክንዷ በክሊኒክ ታክሞ ዳነ። እሷ ግን ምድጃ ከተለኮሰ ክፍሉ ውስጥ አትቆይም። ክረምቱ ገብቶ፣ ያ የጆሃንስበርግ ደረቅ ብርድ አጥንት ሲሰብር፣ እኔ በማበስልበት ጊዜ ግቢው ውስጥ የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች። የሞቀ ምግብ አትቀምስም። ዳቦና ቀዝቃዛ ወተት ነበር ምግቧ። ጎጎ፣ «ይህች ልጅ እየቀጠነች ነው» ሲሉኝ፣ «አውቃለሁ» እላቸዋለሁ።

ባለቤቴ ልጅቷን ይወዳታል። አንድ ጠዋት፣ ፍርሃቷን እንድትለምደው ብሎ፣ እጇን ይዞ ቀስ እያለ ወደ ተለኮሰው ምድጃ ወሰዳት። አልጮኸችም፣ አልታገለችውም። እግሩ ላይ አስታወከች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወደ እሳቱ አላቀረባትም፤ ግን ሁለቱም መተያየት አቃታቸው።

የመጫወቻውን ነገር ያነሣችው የክሊኒኳ ነርስ ናት። ለመጨረሻ ጊዜ ቁስሏን ልታይ ስትጠራን ልጄን ውጭ እንድትቆይ አደረገችና፣ «ምግብ የማብሰል ጨዋታ ትጫወት» አለችኝ። «የትንንሽ ልጆች ኩሽና አለ አይደል? እሱን ስጫት። አንቺ ምንም አትበዪ፤ እንደፈለገች ትሁን።»

ይህን ለባለቤቴ ነገርኩት።

«አሥር ዓመቷ ነው» አለ። «በዚህ ዕድሜዋ አንቺ ለቤተሰቡ ሁሉ ታበስዪ ነበር።»

«አበስል ነበር። ግን አልተቃጠልኩም።»

«የሕፃን ዕቃ ስትሰጫት የባሰ ሕፃን ትሆናለች።»

«አሁን ያለችውስ ደኅና ናት?»

በማግስቱ ጠዋት ጫማዬን ሳስር መጥቶ በሩ ላይ ቆመና፣ «እሺ ግዢ» አለኝ። «እሳት የሚመስል ነገር ያለበትን ግን እንዳታመጪብኝ።» እኔም ሐሳቤ ያው ነበር።

ሕፃኑን ለእሱ ትቼ ከልጄ ጋር በታክሲ ወደ ጀፒ ሄድን። ጀፒ የምንለው የጆሃንስበርግን መሃል፣ የእኛ አገር ሰዎች በጅምላ የሚነግዱበትን ሰፈር ነው። መጫወቻ መሸጥ ለብዙ ሳምንታት ተከልክሎ ገና መፈቀዱ ነበር። በታክሲው ውስጥ ሁላችንም ማስክ አድርገናል፤ መስኮቱ ለቫይረሱ ተብሎ ተከፍቶ ብርዱ ይገርፈናል። ለልጄ የት እንደምንሄድ ነግሬያታለሁ፤ ደስ ይበላት ይክፋት ግን አላወቅኩም።

ሱቁ ፎቅ ላይ ያለ ጠባብና ረጅም ክፍል ነው። ግራና ቀኙ እስከ ጣሪያ በካርቶን ተሞልቷል። ባለሱቁ ከስልጤ የመጡ ጎልማሳ ሰው ናቸው፤ እጃችን ላይ ሳኒታይዘር እየረጩ አስገቡን።

«ለስንት ዓመት ልጅ ነው?» አሉኝ።

«ለእሷ።»

ልጄን አዩአት፣ መልሰው እኔን አዩኝ። «እህቴ፣ እሷማ እውነተኛውን ነው መሥራት ያለባት» አሉ፤ እየቀለዱ ነበር። እኔ ስላልሳቅኩ ቀልዳቸውን ተዉና ሁለት ኩሽናዎች አወጡልን።

አንዱ ከእንጨት የተሠራ ነጭ ነው። ምድጃው ቀለም ብቻ ነው፤ አይበራም፣ ድምፅ የለውም። ገና ሳየው ይህ ነው አልኩ። ችግሩ ለሦስት ዓመት ሕፃን የተሠራ መሆኑ ነው፤ የልጄ ጉልበት ላይ ነው የሚደርሰው። ሁለተኛው የፕላስቲክ ነው። ቁመቱ ደረቷ ድረስ ይደርሳል፤ ላዩ ላይ ሁለት ክብ ማብሰያዎችና ፊት ለፊቱ ማዞሪያዎች አሉት።

«ይሄኛውን እንኳ ተዉት» ልል አፌን ስከፍት ሰውየው ባትሪ ከትተው ማዞሪያውን አዞሩት። አንዱ ክብ ቀይ ሆነ። ከሥሩ የሚንተከተክ ድስት ድምፅ መጣ።

ልጄ በካርቶኖቹ መሃል ወደ ኋላ አፈገፈገች። ማስኳ ከትንፋሿ ጋር ወደ ውስጥ ይሳባል፣ ይነፋል። ያን መላልሶ ሲያደርግ አይቼ ልትወድቅብኝ ነው ብዬ እጇን ያዝኳት። «እንውጣ» አልኳት።

መውጣት አልቻልንም። ልክ በዚያን ጊዜ ኮሪደሩ ላይ ሩጫ ተሰማ። አንድ ሰው «መጡ፣ መጡ» እያለ አለፈ። ሰውየው ዘለው የብረት መዝጊያውን እስከ ወለሉ ጎተቱት። ቀጥለው መብራቱን አጠፉ። ፖሊሶች ሱቅ ለሱቅ ዕቃ ሊፈትሹና ሊወርሱ ሲመጡ እንዲህ እንደሚደረግ አውቅ ነበር፤ ልጄ ግን አታውቅም። በጎን ያሉ ሱቆች መዝጊያ ተራ በተራ ሲወርድ ፎቁ በሙሉ የሚፈርስ ይመስል ነበር።

ጨለማ ሆነ። የሚታየው የመጫወቻው ቀይ ክብ ብቻ ነው። እሱም ይንተከተካል።

«አጥፊው» አሉኝ ሰውየው በሹክሹክታ። «እህቴ፣ ድምፁን አጥፊው።»

ጎንበስ ብዬ ዳበስኩት። አንዱን ማዞሪያ ሳዞር ሌላው ክብ በራ። ሌላውን ስነካ ድምፁ ጨመረ። ከውጭ የቦት ጫማ ኮቴ እየቀረበ ነው። አንድ ሰው የጎረቤቱን መዝጊያ በዱላ መታው፤ ከዚያ የእኛን። የፈራሁት ፍተሻውን አይደለም፤ ልጄ ትጮሃለች፣ ወይም እዚያው ራሷን ስታ ትወድቃለች ብዬ ነው። መውጫ የሌለው ጨለማ ክፍል ውስጥ ከእሳት ጋር የዘጋሁባት እኔ ነኝ።

እጇ ከእጄ ወጣ። ጠባሳ ያለበት ክንዷ በቀዩ ብርሃን ውስጥ ሲያልፍ አየሁት። ማዞሪያውን ያዘችና ቀጭ አደረገችው። ድምፁ ቆመ። ሁለተኛውንም ቀጭ አደረገች። ምንም የሚታይ ነገር አልቀረም።

እንደዚያ ሆነን ቆየን። ለስንት ጊዜ እንደሆነ አላውቅም። ሰውየው በልባቸው ዱዓ ያደርጉ እንደነበር ከትንፋሻቸው ይታወቃል። እኔም ጌታን እየለመንኩ ነበር። ኮቴው ራቀ፣ ደረጃውን ወረደ። ያም ሆኖ ማንም አልተንቀሳቀሰም።

ከዚያ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቀዩ ክብ በራ። የልጄ ፊት ከላዩ ሆኖ ታየኝ፤ ላብ አጥምቋታል። አጠፋችው። አበራችው። ደግማ አጠፋችው። ሰውየው ሊናገሩ ሲሉ ክንዳቸውን ያዝኳቸው።

መብራቱ ሲበራ ልጄ ከኩሽናው ፊት ቆማለች።

«ይሄን» አለች።

«ያኛው አይሻልም? ያኛው አይበራም።»

«ያኛው ላይ መንበርከክ አለብኝ» አለች። «ደግሞ ይሄ ሳጠፋው ይጠፋል።»

ባለቤቴ ያለኝን እያሰብኩ ገዛሁት።

ካርቶኑን ከፍተን ስንገጣጥመው ባለቤቴ ቀዩን ክብ አየና የያዘውን አስቀምጦ ወደ ሱቅ ወጣ። ልጄ ለሁለት ሳምንት ያህል ምንም «አላበሰለችም»። ታበራለች፣ ታጠፋለች፤ በቃ። እኔም ነርሷ እንዳለችኝ ዝም አልኩ፤ ዝም ማለቱ ግን ከጩኸት ይልቅ አድካሚ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ቀን ከሱቅ ስመለስ ድምፅዋን ሰማሁና በሩ ላይ ቆምኩ። ወንድሟን ራቅ አድርጋ አልጋው ላይ አስቀምጣዋለች። «አንተ እዚያ ነህ። አትምጣ» ትለዋለች። ቀዩን ክብ አበራች። ከባዶ ኩባያ የሆነ ነገር የምታፈስበት መሰለች። ቀጥላ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ዘለለችና፣ «እሳቱን ውሃው አተለቀው» አለች ለብቻዋ። «ውሃ ሳደርግበት ተለቀ።»

ያኔ ነው የገባኝ። በዚያ ሁሉ ወር ምን እንደተፈጠረ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኳትም።

«ውሃ ነው የደፋሽበት?» አልኳት።

ዞር አላለችም። «ትንሽ ነበር የተያያዘው። እሳት በውሃ አይደል እንዴ የሚጠፋው?»

«የነጭ ጋዝ እሳት በውሃ አይጠፋም። ይሰራጫል።»

«አላውቅም ነበር።»

«አታውቂም። እኔ ነበርኩ ማሳየት የነበረብኝ። አላሳየሁሽም፣ ከዚያ ደግሞ ትቼሽ ወጣሁ።»

ኩባያውን አስቀመጠች። «ጮኽሽብኝ» አለች።

«አዎ።»

«ሰው ሁሉ እየሰማ።»

«አዎ። ወንድምሽን ያወጣሽው አንቺ ነሽ፤ እኔ ግን ጮኽኩብሽ። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅኩ። አላለቀሰችም። ማዞሪያውን አጠፋችና፣ «እሺ። አሁን ውጪ፤ እየሠራሁ ነው» አለችኝ።

ወጣሁ። ባለቤቴ በሱቁና በክፍሉ መካከል ባለው በር ላይ ቆሞ ነበር፤ ሁሉንም ሰምቷል። በማግስቱ ምሳ ሰዓት ሱቁን ለእኔ ትቶ ገባ። በፍርግርጉ ደንበኛ እያስተናገድኩ ጆሮዬ ከኋላ ነበር። «ምን አለ የሚበላ?» ሲላት ሰማሁት። ማዞሪያው ቀጭ አለ። ከዚያ፣ «ሻይ ብቻ ነው ያለው» አለችው። «ይሁን» አላት።

ፍርሃቷ በአንድ ቀን አልሄደም። ክረምቱ ሲያልቅ በሩ ተከፍቶ ሳበስል ውስጥ መቀመጥ ጀመረች። በዓመቱ መጨረሻ የሞቀ ሾርባ ጠጣች። የነጭ ጋዝ ምድጃውን አስወግደን በሲሊንደር የሚሠራ ገዛን፤ ባለቤቴ ሦስት ቀን ሙሉ አከፋፈቱንና አዘጋጉን አሳያት፣ እሷም ራቅ ብላ አየች። በቀጣዩ ዓመት አንድ እሑድ ከጸሎት ስንመለስ ዕንቁላል ጠብሳ ጠበቀችን። በርበሬው በዝቶበት ነበር፤ ሁላችንም ሳናስተርፍ በላነው።

ዛሬ ከእኔ ትረዝማለች። የምትሠራው ሩዝ ከእኔ ይሻላል። የነጭ ጋዝ ሽታ በመስኮት ከገባ ግን አሁንም መስኮቱን ዘግታ ትመለሳለች፤ ጎረቤት እያበሰለ ነው ስንላት፣ «አውቃለሁ» ትላለች፣ ያቋረጠችውን ወሬ ትቀጥላለች።