የዓርቡ ሻይ

ባለፈው ሳምንት ቤት ልቀይር ዕቃዬን ስሸክፍ፣ ከአንድ ካርቶን ሥር የቴአትር ጽሑፍ ወጣ። ከማየቴ በፊት ሸተተኝ፤ የሜንታ ከረሜላና የመድረክ ሜካፕ ቅባት ሽታ፣ ይኸው እስከ ዛሬ አለቀቀውም። ገጾቹ ቢጫ ሆነዋል። ከእንግሊዝኛው መስመር በላይ በእርሳስ፣ በእኛው ፊደል፣ አነባበቡን ጽፌበታለሁ፤ ያኔ ቋንቋው አፌ ላይ አልቀመጥ ብሎኝ ነበር። ካርቶኑ ላይ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ቫን ይዞ ሊያግዘኝ የመጣው ጎረቤቴ ከታች "ኧረ ቶሎ በይ፣ የፓርኪንግ ቲኬት ሊለጥፉብን ነው!" እያለ ይጮሃል። ይጩህ። እስቲ ልንገርሽ።

ሃያ ዓመት አልሞላኝም ነበር። አክስቴ ስፖንሰር አድርጋኝ ከመጣሁ ገና ስምንት ወሬ ነው፤ ቶሮንቶ፣ ሬክስዴል ሰፈር አብረን እንኖራለን። እሷ ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ ኢስት ዮርክ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ አንድ እንግሊዛዊ ሽማግሌ ትንከባከብ ነበር። ጉልበቷን ሲያማት ሺፍቷን ለእኔ ሰጠችኝ። "ሥራው ቀላል ነው" አለችኝ። "ምሳ ትሠሪያለሽ፣ መድኃኒታቸውን ትሰጫለሽ፣ ሲጮሁ ደግሞ አትደንግጪ። ተዋናይ ናቸው።"

ተዋናይ ምን እንደሆነ የማላውቅ መስሏታል! ግን እውነቷን ነው፣ አላውቅም ነበር። የመጀመሪያው ቀን ቁልፉን ከፍቼ ስገባ ሳሎን ምንጣፍ ላይ ተዘርረው ያቃስታሉ። ኡኡታዬን አቀለጥኩት። አንድ ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው "ጥሩ ነበር?" አሉኝ። በንዴት ቦርሳዬን አንስቼ ልወጣ ነበር፤ ሳቃቸው መለሰኝ።

ወጣት ሳሉ ከቴአትር ቡድን ጋር ከእንግሊዝ መጥተው እዚሁ ቶሮንቶ ቀሩ። መድረክ ላይ ንጉሥም ለማኝም ሆነዋል። ፊልም ላይ ግን ዕጣቸው አንድ ነበር፤ ወይ በር የሚከፍት አሽከር፣ ወይ ዳኛ፣ አለዚያም ፊልሙ ሳይጋመስ የሚሞት ሰውዬ። "ስንቴ እንደሞትኩ ቆጥሬ አልዘልቀውም" ይሉ ነበር፣ "ቀብሬን ግን አንድም ቀን አላሳዩኝም።" አክስቴ ፊልማቸውን አይታ አታውቅም፤ እኔን ግን ቁጭ አድርገው ያሳዩኝ ነበር። "አሁን እመጣለሁ፣ ተመልከች!" ይሉኛል። ይመጣሉ፣ በር ይከፍታሉ፣ አለቀ።

በዚያ ኅዳር የመጨረሻ ሥራቸውን ያዙ። ሰፈራቸው ውስጥ ባለ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ የሚታይ፣ አንድ ቀን ብቻ። ባቡር ጣቢያ አግዳሚ ወንበር ላይ ወንድሙን የሚጠብቅ ሽማግሌ ሆነው ይጫወታሉ። የማስታወስ ችሎታቸው እየከዳቸው መሆኑን እሳቸውም እኔም እናውቃለን፤ አንዳችንም አናነሳውም። "ይህችን ሳላሰናክል ልውጣ፣ ከዚያ በኋላ ዝም እላለሁ" አሉኝ። እኔ ከመጋረጃ ጀርባ ሆኜ ቃል ሲጠፋቸው ላቀብል ተመደብኩ። ምልክት ተስማማን፤ ከጠፋቸው በምርኩዛቸው መሬት ይመታሉ፤ አውቀው ዝም ካሉ መዳፋቸውን ከኋላቸው ይዘረጋሉ። ከሰዓት ከሰዓት፣ የማሞቂያው ቱቦ ሲንኳኳ፣ የመስኮቱ ብርሃን ሲጠይም፣ ሜንታቸውን እየመጠጡ እሳቸው ይላሉ፣ እኔ በፊደሌ እከተላለሁ። እንግሊዝኛ የተማርኩት ከዚያ ነው።

እውነተኛ ወንድምም ነበራቸው፤ እንግሊዝ አገር። በየእሁዱ ይደዋወሉና ሁለት ሽማግሌዎች እንደ ሕፃን ሲሰዳደቡ፣ ሲስቁ ይውላሉ።

ትርኢቱ ቅዳሜ ሊሆን፣ ሐሙስ ቀን ስልክ ጮኸ። እሳቸው ተኝተዋል። የወንድማቸው ልጅ ናት። "አባቴ ዛሬ ጠዋት አረፈ" አለችኝ፣ "አጎቴ ሲነቃ እባክሽ ንገሪልኝ።" ስልኩን ዘጋሁ። ከዚያ አክስቴን ኮል አደረግኩ።

"መርዶ? ለብቻቸው? ያውም አንቺ ልጂቱ?" ጮኸችብኝ። "አብደሻል እንዴ! ቅዳሜን ይጨርሱ። እሁድ በማለዳ ሰው ይዘን ሄደን፣ ደግፈን እንነግራቸዋለን። ሰው እንደ ሰው ነው የሚረዳው።"

ይህን ወግ በራሴ አውቀዋለሁ። አባቴ ሲሞት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ላይ ነበርኩ። አምስት ቀን ደበቁኝ። በስድስተኛው ቀን ንጋት ላይ ግቢው በሰው ሞልቶ አገኘሁት። ከዚህ ከካናዳ ደውላ "ፈተናዋን ትጨርስ" ያለችውም ይህችው አክስቴ ነበረች። እኔ ፈተናዬን እየሠራሁ አባቴ አፈር መልበሱን ማንንም ይቅር አላልኩም ነበር። አሁን ደግሞ ያንኑ ልሠራ ነው። ንገሪያቸው ይለኛል ልቤ፤ ከነገርኳቸው የመጨረሻዋን መድረካቸውን ቀማኋቸው፤ ካልነገርኳቸው ደግሞ መቼም አያምኑኝም። አልነገርኳቸውም።

ዓርብ ሻያቸውን ሳቀርብ ስኒው ከማስቀመጫው ጋር ይንቀጫቀጫል። "ዛሬ ደስ ብሎሻል" አሉኝ። "አዎ፣ በጣም!" ብዬ ሳቅሁ። የምን ሳቅ ነው እሱ፣ የፍየል ሳል! እሳቸው ብስኩታቸውን እየነከሩ በሉ፣ ስለ ዝናቡ አወሩ። ልጅ ሳሉ ወንድማቸው ጫማቸውን ደብቆባቸው በእሱ ጫማ ትምህርት ቤት መሄዳቸውን አጫወቱኝ። ቀን አጥተው ዛሬ ስለ ወንድማቸው ማውራታቸው ምን የሚሉት ነው ብዬ ሻያቸውን ደግሜ ቀዳሁላቸው።

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ፤ እርጥብ ካፖርት ይሸታል። አንድም ቃል ሳይስቱ እስከ መጨረሻው ደረሱ። "ወንድሜ ባቡር ማጣት ልማዱ ነው" የሚለው ላይ ሲደርሱ "ወንድሜ" አሉና ቆሙ። ቀጣዩን በሹክሹክታ ልወረውር አፌን ስከፍት፣ መዳፋቸው ከኋላቸው ተዘረጋ። አውቀው ነው። ግን እንዴት ያለ ዝምታ ነው! ፊት ወንበር ያለች ሴትዮ አፍንጫዋን ስትጠርግ ይሰማል። ከዚያ ቀስ ብለው "ባቡር ማጣት ልማዱ ነው፤ በሚቀጥለው ይኖራል" አሉ። ጭብጨባው እስኪያልቅ መጋረጃው ውስጥ ተሸጉጬ አለቀስኩ።

እሁድ የሰብዌይ ባቡር የሚጀምረው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ነው፤ መርዶ ደግሞ አይጠብቅም። ታክሲ የሚነዳ ጎረቤታችን ከሬክስዴል ጭኖ አመጣን፤ እኔ፣ አክስቴና ሁለት ጓደኞቿ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። ገና አልነጋም። ደወሉን ደወልኩ።

በሩ ተከፈተ። ጥቁር ልብሳቸውን ለብሰው፣ ጥቁር ከረባታቸውን አስረው ቆመዋል። አራታችንን አንድ በአንድ አዩን።

"እኔ ዓርብ ጠዋት ነው የሰማሁት" አሉኝ። "አንቺ ሐሙስ።"

የወንድማቸው ልጅ የነገርኳቸው መስሏት እንዴት ሆነህ አደርክ ብላ ደውላላቸው ነበር፤ ዓርብ እኔ ሳልደርስ።

"ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?"

"አንቺስ?" አሉ። "ብናገር ቅዳሜ ያንን ወረቀት መያዝ ትችይ ነበር? ሃምሳ ዓመት ሙሉ መጥፎ ትወና አይቻለሁ፤ እንደ ዓርቡ ሳቅሽ ያለ ግን አላየሁም። በሕይወቴ ምርጡን የተወንኩት ያን ሻይ ስጠጣ ነው። አንዲት ተመልካች፣ እሷም አላጨበጨበችም።"

በአንድ ዓይኔ ሳቅሁ፣ በአንዱ አለቀስኩ። አክስቴ ከተባለው ግማሹ ባይገባትም ገፋ አድርጋኝ ገብታ ክንዳቸውን ያዘች። "አባባ፣ አይዞዎት፣ ያልቅሱ" አለቻቸው በአማርኛ። አልተረጎምኩም። ስንቱን ሞት በካሜራ ፊት የሞቱት ሰውዬ ትከሻዋ ላይ ተደፍተው እንደ ልጅ ተንሰቀሰቁ፤ ሦስቱ ሴቶች አብረው አለቀሱላቸው። ያኔ እፎይ አልኩ። ከደረቴ ላይ ድንጋይ የወረደ ያህል ነው። አልጣሉኝም፣ አልጠሉኝም። እነዚያ አባቴን የደበቁኝን ሰዎችም፣ አክስቴን ጨምሮ፣ እዚያው ኮሪደር ላይ ይቅር አልኳቸው።

ከዚያ በኋላ መድረክ አልወጡም። ስድስት ዓመት ኖሩ፤ ቆይቶ እኔንም እየረሱኝ መጡ፤ የጫማውን ነገር ግን አልረሱም። ሲደክሙ የወንድማቸው ልጅ ልታስታምማቸው ከእንግሊዝ መጣች።

አንድ ቀን ገና ጎህ ሳይቀድ የአፓርትመንቴ በር ተንኳኳ። ስከፍት ያቺ እንግሊዛዊት በጥቁር ካፖርት ቆማለች። አጠገቧ አክስቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። ሴትዮዋ ለመርዶ ምን ተይዞ እንደሚኬድ ስላላወቀች የእሳቸውን የብስኩት ቆርቆሮ ታቅፋለች። "አጎቴ በስልክ እንዳይሆን ብሎኝ ነበር" አለች። "በማለዳ፣ ሰው ይዘሽ ሂጂ አለኝ።"

"ግቢ፣ ብርድ ነው" አልኳት።

ሻይ አፈላሁ። ሳቀርብ ስኒው ተንቀጫቀጨ፤ ያን ቀን ግን መሳቅ አላስፈለገኝም።