አዝሙድ ያልተሰጣቸው ዶሮዎች

ለሦስተኛ ዲግሪዬ የተፈቀደልኝ የመጨረሻ ማራዘሚያ ያለቀው ቦሌ አራብሳ አጠገብ በተከራየሁት አንድ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነው። ጥያቄዬ ቀላል ነበር፤ አርቢዎች የሥጋ ዶሮ ቶሎ እንዲደልብ መኖው ላይ የሚጨምሩትን ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት በተፈጨ ጥቁር አዝሙድ መተካት ይቻል እንደሆነ ማወቅ። ጫጩቶቹን በሽቦ አጥር ለሁለት ከፈልኳቸው። መኖው ለሁሉም አንድ ነው፤ በቆሎ፣ አኩሪ አተርና የኑግ ፋጉሎ። አዝሙዱ የሚጨመረው በቀኝ በኩል ላሉት ብቻ ነው። የግራዎቹ ማነጻጸሪያ ናቸው፤ እነርሱ ሳይነኩ ካልቆዩ የቀኞቹ ክብደት ምንም አይናገርም።

የሚመግቡልኝ እዚያው ግቢ የሚኖሩ አንዲት እናት ነበሩ። ከጫጩቶቹ ሥር የተነጠፈውን ሰጋቱራ እንደ ቤታቸው ወለል ይንከባከቡት ነበር። «ከቀዩ ጆንያ ለቀኞቹ፣ ከነጩ ለግራዎቹ» አልኳቸው። ምክንያቱን አልነገርኳቸውም። እርሳቸውም አልጠየቁኝም፤ ወይም ጠይቀውኝ እኔ ወደ ሚዛኔ ዞሬ ይሆናል።

በመጀመሪያው ሳምንት የቀኞቹ በክብደት ቀድመው ነበር። ከዚያ በኋላ የግራዎቹ ደረሱባቸው። ሚዛኑን ደጋግሜ ፈተሽኩ። አዝሙድ የሸጠልኝን ነጋዴ በልቤ ሌባ አልኩት።

በመጨረሻው ቀን የአንጀታቸውን ግድግዳ ለመመርመር ከሁለቱም ወገን አረድኩ። ከግራዎቹ የአንዷን ጡንቻማ ጨጓራ ስሰነጥቅ ከጠጠሩ መሐል ያልተፈጨ የጥቁር አዝሙድ ፍሬ ወጣ። ከሁለተኛዋም ወጣ። ከሦስተኛዋም።

«እማማ፣ ለግራዎቹ አዝሙድ ሰጥተዋል?»

«ታዲያስ!» አሉ፣ እጃቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ። «ከራሴ ጓዳ ነው። ያንቺን አልነካሁም፣ አይዞሽ።»

«ለምን?»

«ለምን ትላለች እንዴ! እኔ ጉንፋን ሲይዘኝ በጨርቅ ቋጥሬ የማሸተው መድኃኒት አይደል? አንዱን ወገን እያበሉ ሌላውን ማስጎምጀት ምን የሚሉት ትምህርት ነው? የእንጀራ እናት አደረግሽኝ እኮ!»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከሁለተኛው ሳምንት። እያቸው እስቲ፣ እኩል አደረስኳቸው።»

አየኋቸው። እውነትም እኩል ነበሩ።

አማካሪዬ በስልክ ሳቀ። «ፍሬውን ካንቺ በቀር ማን አየ? ልዩነት የለም ብለሽ ዝጊው፤ እሱም ውጤት ነው።» እንደዚያ ብጽፍ ዲግሪው የእኔ ነበር፤ አዝሙዱ ግን ያለ ጥፋቱ ከንቱ ተብሎ ይቀር ነበር። የሆነውን እንዳለ ጻፍኩ። ኮሚቴው በአንድ ደብዳቤ፣ በአንድ አንቀጽ፣ ለሐቀኝነቴ አመሰገነኝና መዝገቤን ዘጋ።

ዛሬ ለሚ ኩራ ውስጥ ለአርቢዎች መኖ እቀምማለሁ። ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቱን በእጄ መዝኜ እጨምራለሁ፤ ተዉት የምልበት ማስረጃ የለኝም። እኚያን እናት አንዳንዴ ታክሲ ተራው ላይ አገኛቸዋለሁ።

«ዶክተርዬ!» ይሉኛል፣ ሰው ሁሉ እስኪዞር። «ሳላበላልጥ አሳድጌልሽ የለ?»

አዝሙዳቸው ሙከራዬን እንዳበላሸው በዚያን ቀን አልነገርኳቸውም፤ አሁንም አልነግራቸውም። በደግነት አይደለም። ከነገርኳቸው፣ «ታዲያ ከመጀመሪያው ምክንያቱን ለምን አልነገርሽኝም?» ይሉኛል።

«አሳድገውልኛል፣ እማማ» እላለሁ፤ ታክሲዬም ይመጣል።